የወገብ ሕመም፦ «ስፖርት ሥራ» ተባልኩ፣ ግን እንዴት?

ሰፊው ከአራዳ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ጎንደር ነው፤ አራዳ በረንዳ ላይ ልብስ እሰፋለሁ። ጠዋት መርገጫ ማሽኑ ላይ የተቀመጥኩ ማታ ነው የምነሳው። የበዓል ሰሞንማ የሐበሻ ቀሚስ ሲደራረብ ምሳም እዚያው ነው።

ወገቤን ከያዘኝ ቆይቷል። ሕመሙ ልክ ቀበቶ የሚታሰርበት ላይ ነው፣ ወደ ቀኝ ያደላል፣ አንዳንዴ ወደ መቀመጫዬ ይወርዳል። ከጉልበት በታች ግን ደርሶ አያውቅም። ጠዋት ጫማዬን ለማሰር ጎንበስ ማለት ፈተና ነው፣ ትንሽ ስንቀሳቀስ ይለቀኛል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል።

ሐኪም ቤት ሄጄ ራጅ ተነሳሁ። አጥንትህ ደህና ነው፣ ስፖርት ሥራ ተባልኩ። ማስታገሻ ተጻፈልኝ፣ ሥዕል ያለበት አንድ ወረቀት ተሰጠኝ፣ ቀጣዩ ይግባ ተባለ፣ አለቀ። ወረቀቱ ላይ ያለው ሰውዬ በጀርባው ተኝቶ መቀመጫውን ያነሳል፣ ቀጥሎ ተንበርክኮ በእጁ ተደግፎ አንድ እጅና አንድ እግር ይዘረጋል። ስንት ጊዜ ነው የሚሠራው? እያመመኝ ልሥራ ወይስ እስኪሻለኝ ልጠብቅ? ስልኬ ላይ ቪዲዮ ስፈልግ ደግሞ የሚመጣልኝ ሆዱ እንደ ሰሌዳ የተሰነጣጠቀ ወጣት ነው፣ እሱን ተከትዬ ብሠራ ከወለሉ የሚያነሳኝ ሰው ልፈልግ ነው።

ሌላው፣ ዐቢይ ጾም እየመጣ ነው። አንድ ወዳጄ «ስግደት እያለልህ ምን ስፖርት ያስፈልግሃል» ይለኛል። እውነት ነው? ወይስ ይብስብኛል? ዕድሜዬ አርባ አልሞላም። የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።

ጎሃ ሥር

ወንድሜ ይሄ ብርድ ነው፣ ሌላ ነገር አይደለም። በረንዳ ላይ ቁጭ ብለህ የጎንደር ነፋስ ሲገርፍህ እየዋለ ወገብህ ምን ይሁን? ጥሩ ወጌሻ ፈልግና ይሽህ። ቅቤ ይዘህ ሂድ።

ባለ ባጃጁ

እኔ ከማራኪ ፒያሳ ባጃጅ ነው የምሠራው። የኮብልስቶኑን መንቀጥቀጥ የማያውቅ አይፍረድ። ወገቤን ሲይዘኝ የወገብ ቀበቶ ገዛሁ፣ ያ ሰፊውን፣ የሚለጠፈውን። ሳስረው ደህና ነኝ፣ ስፈታው ያው ነው። ለማንኛውም ሞክረው። ስፖርቱን ግን እኔም አልገባኝም፣ መልስ ካገኘህ እኔም እከታተላለሁ።

ፊዚዮ ነኝ

ሰላም ወንድሜ። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ የተማርኩትም የምሠራውም እዚሁ ጎንደር ነው። ሳላይህ ነው የምጽፈው፣ ስለዚህ ይህ ምርመራን አይተካም። ረዘም ይላል፣ ታገሰኝ።

መጀመሪያ አደገኛውን እንለይ። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተህ፣ ወይም ሽንት አልመጣ ካለህ፣ በጭኖችህ መካከል ከደነዘዘህ፣ እግርህ እየከዳህ ጣትህን ማንሳት ካልቻልክ፣ ስፖርቱን ተወውና የዚያኑ ዕለት ድንገተኛ ክፍል ሂድ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳት ካለም እንዲሁ ሳትውል ሳታድር ታይ። በእኛ አገር የአከርካሪ ቲቢ አለ፣ «ወገቤን ብርድ መታኝ» እየተባለ ስንት ጊዜ ያልፋል። ከከፍታ ወድቀህ ከጀመረህ ወይም ቀን ቆመህም ሌሊት ተኝተህም እኩል የሚያምህ ከሆነም ተመርመር። አንተ የጻፍከው እንደዚህ አይመስልም። ስትንቀሳቀስ የሚለቅ፣ ስትቀመጥ የሚመለስ፣ ከጉልበት የማይወርድ ሕመም አብዛኛው ሰው የሚይዘው ዓይነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2020 እ.ኤ.አ. የታችኛው ወገብ ሕመም የነበረበት ሰው 619 ሚሊዮን ነው፣ ከ13 ሰው አንዱ ማለት ነው። ብቻህን አይደለህም።

እያመመኝ ልሥራ ወይ ላልከው፣ አዎ ሥራ፣ ግን በልክ። ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ቁጥር ስጠው። ስትሠራ 3 ወይም 4 ድረስ ቢያምህና በማግሥቱ ወደነበረበት ቢመለስ ችግር የለውም። ከዚያ ካለፈ ወይም በማግሥቱ ከባሰ ብዛቱን በግማሽ ቀንስ እንጂ ጨርሰህ አትተው። አንድ ምልክት ደግሞ ያዝልኝ፦ ሕመሙ ወደ እግርህ እየወረደ ከሄደ ያ እንቅስቃሴ ለአንተ አይደለም፣ አቁመው። ከመቀመጫህ ወጥቶ ወደ ወገብህ መሀል ከተሰበሰበ ግን፣ መሀሉ ላይ ትንሽ ቢጨምርም እንኳ፣ ጥሩ ምልክት ነው።

እስኪሻልህ ተኝቶ መጠበቅ የድሮ ምክር ነው። ሰው አልጋ ላይ በዋለ ቁጥር ወገቡን የሚይዙት ጡንቻዎች ይሰንፋሉ፣ መገጣጠሚያው ይደርቃል፣ ፍርሃቱም ይጨምራል። ፍርሃቱን አትናቀው። ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ይሰበራል ብሎ የሚያስብ ሰው ሳያውቀው ጡንቻውን ሁሉ ገትሮ ነው የሚውለው። አንተ የክር ውጥረት ታውቃለህ። ከጠበቀ ይበጠሳል፣ ከላላ ከሥር ይቋጠራል። ወገብም ሁለቱን ይፈልጋል፣ የሰነፈውን ማጠንከርና የተገተረውን ማላላት። ወረቀቱ ላይ ያለው ማጠንከሪያው ብቻ ነው፣ ግማሹ ቀርቷል።

አሁን ወደ ሥራው። አልጋ ላይ ሳይሆን ወለል ላይ፣ ሰሌን አንጥፈህ ብርድ ልብስ አጥፈህ ጣልበት። በጀርባህ ተኛ፣ ጉልበቶችህን አጥፈህ እግርህን ወለሉ ላይ አሳርፍ። መዳፍህን ወገብህ ሥር አስገባ፣ ክፍተት ታገኛለህ። አየር እያወጣህ ወገብህን ቀስ ብለህ ወደ መዳፍህ ተጫን፣ 5 እስክትቆጥር ያዝ፣ ልቀቅ። መቀመጫህ ከወለሉ አይነሳም፣ ትንፋሽህም አይታፈንም። 8 ወይም 10 ጊዜ። ይህ ቀላል ይመስላል፣ ግን ብዙ ሰው ሆዱን መቆጣጠር የሚማረው እዚህ ላይ ነው። ይህን ሳይችል ወደ ሌላው የሚሮጥ ሰው በወገቡ ነው የሚሠራው።

ቀጥሎ ያ መቀመጫውን የሚያነሳው። አቀማመጡ ያው ነው። ቂጥህን ጨመቅ አድርገህ ቀስ ብለህ አንሳ፣ ትከሻ፣ ዳሌና ጉልበት አንድ መስመር ሲይዙ በቃ። ከዚያ በላይ ከፍ አድርገህ ወገብህን አትቆልምም፣ ሰው ሁሉ የሚበላሽበት እዚህ ጋ ነው። 5 ቆጥረህ ውረድ። ኋላ ጭንህ ላይ ቁርጥማት ከያዘህ ተረከዝህን ወደ ቂጥህ ጠጋ አድርግ። በ5 ጀምር፣ ሲቀልህ ወደ 10 ውጣ።

ያ እጅና እግር የሚዘረጋው ደግሞ፦ መዳፍህ ከትከሻህ ሥር፣ ጉልበትህ ከዳሌህ ሥር ይሁን። መጀመሪያ እግር ብቻ። አንድ እግር ወደ ኋላ ወለሉን እያንሸራተትክ ዘርጋ፣ ከዚያ ትንሽ አንሳው። ዳሌህ ወደ ጎን መጋደል የለበትም። ለማወቅ የመለኪያ ሜትርህን ጠቅልለህ ወገብህ ላይ አስቀምጥ፣ ከወደቀ ተጋድለሃል ማለት ነው። ሜትሩ መውደቅ ሲያቆም ነው ተቃራኒውን እጅ የምትጨምረው። በየጎኑ 5 ጊዜ ይበቃል። ሦስቱንም ስትሠራ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። በየቀኑ ትንሽ መሥራት በሳምንት አንዴ ከመጋደል ይሻላል። ለውጡ በ3 ቀን አይመጣም፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ስጠው። መጀመሪያ አካባቢ ቂጥህና ሆድህ ላይ የሚሰማህ የድካም ሕመም ጤናማ ነው፣ በጥቂት ቀን ይጠፋል።

ለባለ ባጃጁ፦ በ2016 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የዓለም ጤና ድርጅት ለቆየ የወገብ ሕመም መመሪያ አውጥቷል። ትምህርትና የአካል እንቅስቃሴን ይመክራል፣ የወገብ ቀበቶን ግን እንደ መደበኛ ሕክምና አይመክርም። ለአንድ ከባድ ቀን ቢያግዝህ ችግር የለም፣ ግን ስትፈታው ያው መሆኑን ራስህ ጽፈኸዋል። ለጎሃ ሥር ደግሞ፦ ብርድ ጡንቻ ያኮማትራል፣ ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለውን ትራስ) ግን አያበላሽም። ሙቀት ጥሩ ነው። ለብ ያለ ውሃ በኮዳ ሞልተህ በፎጣ ጠቅልለህ ለ15 ወይም 20 ደቂቃ መያዝ ከሥራ በፊት ያላላል። መታሸትም በለስላሳው ከሆነ አልቃወምም። «ላስገባልህ» ብሎ የሚጠመዝዝህና ጀርባህ ላይ የሚቆም ወጌሻ ግን ይቅር። የሚገባ የወጣ ነገር የለም።

የልጆች እናት

ወንድም ዓለም፣ እግዚአብሔር ይማርህ። ፊዚዮው ስለ ማላላት ጀምሮ ስላልጨረሰ እኔ ልጨምር። እኔ እንጀራ እየጋገርኩ ነው የምሸጠው፣ መሬት ላይ ባለው ምጣድ ጎንበስ ብዬ ስውል ወገቤ ተቆርጦ ነበር። ምጣዱን ከፍ አስደርጌ አሠራሁት፣ ስፖርቱንም ሠራሁ፣ ግን እውነቱን ልንገርህ፣ እኔን ያዳነኝ ማታ ማታ የምሠራው ነው።

ወለሉ ላይ በጀርባህ ተኛና ሁለት እግርህን ከጉልበት አጥፈህ በርጩማ ላይ ስቀል፣ ባቱ በሙሉ በርጩማው ላይ ይረፍ። አንገትህ ሥር ነጠላ አጣጥፈህ አድርግ። አንድ እጅ ደረትህ ላይ፣ አንድ እጅ ሆድህ ላይ። በአፍንጫ ስትስብ የሆድህ እጅ ይነሳ፣ የደረትህ ዝም ይበል። ስታወጣ ቀስ ብሎ፣ ከሳብክበት የረዘመ ይሁን። መጀመሪያ ላይ ደረቴ ነበር የሚነሳው፣ ሆዴ እምቢ አለ። ቆይቶ ገባው።

ከዚያ ከእግር ትጀምራለህ። የእግር ጣቶችህን አጥብቀህ ጨብጥ፣ 5 ቁጠር፣ ድንገት ልቀቅ። ስትለቅ የሚመጣውን ልብ በል፣ ሙቀት አለው። ቀጥሎ ባት፣ ጭን፣ ቂጥ፣ ሆድ፣ እጅ፣ ትከሻ ወደ ጆሮ፣ በመጨረሻ ፊትህን ጨምደድ አድርገህ ልቀቅ። የታመመው ቦታ ላይ ስትደርስ አጥብቀህ አትጨብጥ፣ ለስለስ አድርግ። ልጆቼ መጀመሪያ ሲያዩኝ እማዬ ምን ሆነች ብለው ሳቁብኝ፣ አሁን ትንሹ አብሮኝ ይተኛና ከኔ በፊት እንቅልፍ ይወስደዋል።

ትከሻህን ጠይቀው እስቲ። እኔ የቤት ኪራይ ሳስብ ትከሻዬ ጆሮዬ ላይ ነው፣ ጥርሴም ተገጥሞ ነው። ወገብ ብቻውን አይታመምም።

ፊዚዮ ነኝ

እህቴ፣ ከኔ በተሻለ አስረዳሽው። ይህን ጨብጦ የመልቀቅ ዘዴ ያስፋፋው ኤድመንድ ጃኮብሰን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ነው፣ ሥራው ወደ መቶ ዓመት ይጠጋል። ሰው ጡንቻው እንደተገተረ አያውቅም፣ አውቆ ሲጨብጠውና ሲለቀው ነው ልዩነቱ የሚገባው። ለሰፊው፦ ማጠንከሪያውን ቀን፣ ይህን ማታ አድርገው።

ማስታገሻ ተጽፎልኛል ብለሃል። ዲክሎፌናክ ከሆነ ከምግብ በኋላ ውሰድ፣ ለታዘዘልህ ጊዜ ብቻ። ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም ደም ግፊት ካለብህ ሐኪምህ ይወቅ። ጎረቤት ከፋርማሲ እየገዛ የሚያቀብልህን አትቀበል።

ሰፊው ከአራዳ

እግዜር ይስጥልኝ። እናቴ ብዬ ልጥራሽ እህቴ ብዬ አላውቅም፣ ትከሻዬን ጠየቅኩት፣ ልክ ነሽ፣ ጆሮዬ ላይ ነው። የሜትሩን ነገር ሞከርኩት፣ ቀኝ እግሬን ስዘረጋ ይወድቃል፣ በግራው አይወድቅም። ይሄ ምንድን ነው? የስግደቱን ጥያቄ ደግሞ ማንም አልመለሰልኝም።

ፊዚዮ ነኝ

አንዱ ጎን ከሌላው መስነፉ የተለመደ ነው፣ በተለይ መርገጫውን በአንድ እግር የሚጫን ሰው ላይ። በሚወድቀው ጎን እግርህን ሳታነሳ ወለሉን ብቻ እያንሸራተትክ ሥራ። ቁጥሩን ለሁለቱም እኩል አድርግ፣ ብርቱውን አታስቀድም።

ስግደት ላይ እንደ ባለሙያ አንድ ነገር ልበልና ሌላውን ለሚያውቁት ልተው። ሌሊት ስንተኛ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያሉት ዲስኮች ውሃ ስበው ይሞላሉ። ለዚህ ነው ማለዳ ወገብ ድርቅ የሚለው፣ ለዚህ ነው ጫማህን ማሰር የሚያቅትህ። በነቃህበት የመጀመሪያ ሰዓት ወገብን ደጋግሞ ማጠፍ ዲስኩ ላይ ጫና ያበዛል። ስግደት ደግሞ ብዙ ጊዜ በማለዳ ነው። ስለዚህ ተነስተህ ወዲያው አትጀምር፣ ቤተ ክርስቲያን በእግርህ ሂድ፣ መጀመሪያ ቆመህ ጸልይ። ስትወርድ በወገብህ ሳይሆን አንድ ጉልበት አስቀድመህ፣ በእጅህ ተደግፈህ ውረድ፣ ስትነሳም እንዲሁ። ስፖርት ነው ወይ ላልከው፣ እግርና ዳሌ ያሠራል፣ ግን ጠዋት አንዴ በብዛት ሰግዶ ቀኑን ሙሉ ጎብጦ መቀመጥን አያካክስም።

መሪጌታ ሰፈር

ልጄ፣ ስለ ስግደቱ እኔ ልመልስልህ፣ በዕድሜ ስለምበልጥህ ታገሰኝ። ስግደት አንድ ዓይነት አይደለም። ግንባር መሬት የሚነካበት አለ፣ ጉልበት ብቻ የሚንበረከክበት አስተብርኮ አለ፣ ራስን ዝቅ ማድረግ ብቻ የሆነው አድንኖም አለ። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የንስሐ ስግደት የለም፣ ያረፍክ ነህ። ለታመመ ሰው ቁጥሩን የሚወስነው ወዳጅህ አይደለም፣ የንስሐ አባትህ ናቸው። ሄደህ «አባቴ ወገቤን አሞኛል» በላቸው፣ ያቀሉልሃል። አቅሙን ያልጠየቀ ሰጋጅ በሰሙነ ሕማማት አልጋ ላይ ይውልና ዋናውን ያጣዋል። በቅዳሴ ረጅም መቆም ሲከብድህ መቋሚያ ያዝ፣ ክብደትህን ከእግር ወደ እግር አዘዋውር። ለሽማግሌ ብቻ የተሠራ መስሎህ እንዳታፍር።

ባለ ባጃጁ

አባባ ይባርኩኝ። ፊዚዮ፣ እኛ ሾፌሮችስ? ወለል ላይ ተኝቼ የምሠራበት ጊዜ የለኝም፣ ተሳፋሪ ሲጠፋ ተራ ላይ ቆሜ ነው የማርፈው።

ፊዚዮ ነኝ

ተራ ላይ ስትቆም ከባጃጁ ውረድ። እግርህን ትንሽ ከፈት አድርገህ ቁም፣ ሁለት መዳፍህን ወገብህ ላይ አድርግ፣ ጉልበትህን ሳታጥፍ ቀስ ብለህ ወደ ኋላ ለጠጥ በል፣ ተመለስ። 5 ወይም 6 ጊዜ። ቀኑን ሙሉ ጎብጦ ለሚቀመጥ ሰው ሁሉ ይሆናል፣ ሰፊውም በየግማሽ ሰዓቱ እንዲሁ ያድርግ። ወደ ኋላ ስትለጠጥ እግርህ ላይ ከወረደብህ ግን ተው።

ማታ ደግሞ በእግርህ ሂድ። ይህን ሰው እንደ ምክር አይቆጥረውም፣ ነፃ ስለሆነ ይመስለኛል። በ2024 እ.ኤ.አ. ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት አለ። ወገባቸውን አሟቸው የዳኑ ሰዎችን ለሁለት ከፍለው፣ ግማሾቹ ቀስ በቀስ እያሳደጉ በሳምንት 5 ቀን እስከ 30 ደቂቃ እንዲራመዱ አድርገዋል። ሕመሙ ባልተራመዱት ላይ በ112 ቀን አካባቢ ሲመለስ፣ በተራመዱት ላይ 208 ቀን ገደማ ቆይቷል። እኛ ጋ ከፒያሳ ወደ ፋሲል መዋኛ ወርዶ መመለስ ይበቃል። ዳገቱ ላይ ከጎበጥክ ፍጥነትህን ቀንስ፣ ቀና ብለህ ሂድ።

6 ሳምንት በትክክል ሠርታችሁ ለውጥ ከሌለ ተመልሳችሁ ታዩ። ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ ክፍል አለ፣ ስትሄዱ ያንን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱና እያያችሁ ላሠራችሁ ሰው ብቻ ነው አዎ ገባኝ የምትሉት።

ሰፊው ከአራዳ

የገባኝን ልጻፍ፣ ከተሳሳትኩ አርሙኝ። ጠዋት ሳልጎብጥ ትንሽ እራመዳለሁ፣ ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ሦስቱን እሠራለሁ፣ በየመሀሉ ተነስቼ እለጠጣለሁ፣ ማታ እግሬን በርጩማ ላይ። ለስግደቱ የንስሐ አባቴን አናግራለሁ። የቀረኝ ማሽኑ ነው። ጠረጴዛውን ከፍ ላስደርግ ወይስ ወንበሩን? ባለሙያ ካለ።

ቀሃ ስፌት

የሙያ ባልደረባህ ነኝ። ጠረጴዛውን አትንካ፣ መርገጫው ይርቅሃል። የሚስተካከለው ወንበሩ ነው። የብዙዎቻችን በርጩማ አጭር ነው፣ ጉልበታችን ከዳሌያችን በላይ ይወጣና ወገብ ይጎብጣል። ጋቢ አጣጥፈህ ቁጭ በልበት፣ ዳሌህ ከጉልበትህ ትንሽ ከፍ ይበል፣ ክርንህ ከጠረጴዛው ጋር ይተካከል። ወንበሩን ወደ መርፌው ጠጋ አድርገው፣ አንገትህን ወደ ጨርቁ እንዳትዘረጋ። መብራቷን ዝቅ አድርግ፣ ሰው የሚጎብጠው ስለማይታየው ነው። መቀሱንና ካውያውን ሆን ብለህ ራቅ አድርገህ አስቀምጥ፣ ስትፈልጋቸው ትነሳለህ። ቆመህ ስትተኩስ አንድ እግርህን ጡብ ላይ አድርግ፣ እየቀያየርክ። የከሰል ካውያ ከሆነ ደግሞ ከመሬት ስታነሳው በጉልበትህ ውረድ። የኔ ረዳት ልጅ እንደዚያ ሳያደርግ ነው የሚያነሳው፣ ስንት ጊዜ ነገርኩት።